ነጩ ወፍና የእናቴ ነጠላ

በብዙዎቻችን ቤት ሳሎን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ተሰቅሎ የኖረ አንድ የግድግዳ ምንጣፍ እንደ ነበረ ውድ አንባቢያን አትዘነጉትም። አረንጓዴ ዛፍ፣ ሰማያዊ ሐይቅ፣ በሐይቁም ላይ ረጅም አንገታቸውን ቆልመም አድርገው የሚንሳፈፉ ሁለት ነጫጭ ወፎች ይታዩበታል። በየፎቶ ቤቱ ከወንበሩ በስተኋላ ይዘረጋ የነበረው ባለ ሥዕል መጋረጃም ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ክርስትና የተነሡ ሕፃናት ሁሉ እነዚያን ወፎች ከኋላቸው አድርገው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል።

እነዚህ ወፎች ስዋን ይባላሉ። በዱር የሚኖሩት በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በአሜሪካና በአውስትራልያ ሲሆን በአገራችን ሐይቆች ላይ አይገኙም። ይህን የነገረችኝ የ13 ዓመት ልጄ ናት። የአያቷን አሮጌ የፎቶ ቤት ሥዕል እያየች «እማዬ፣ ይህ ወፍ እኮ የእኛ አገር ወፍ አይደለም፤ በእኛ ሐይቅ ላይ ያለው ነጭ ወፍ የትኛው ነው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ሰው ጠይቄ ስረዳ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዝዋይ ሐይቅ ላይ ነጩ ፔሊካን በብዛት እንደሚታይ ሰማሁ። እኔ አርባ ዓመት አልፎኝ ያላየሁትን ወፍ ልጄም ሳታየው እንዳታድግ ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

ዳሩ ግን ስለ ወፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አክስቴ አርፈው ነበር። በድንኳኑ መግቢያ ላይ የሚቆም ፎቶግራፍ ስንፈልግ ቤቱን ሙሉ አገላበጥን፤ የሰርግ አልበሞችን ሁሉ ከፈትን። አክስቴ በሰርጉ ሁሉ ነበሩ፤ በአልበሙ ግን የሉም። ሌላው ሲነሣ እርሳቸው ጓዳ ሆነው ወጥ ሲያወጡ፣ እንጀራ ሲያስቆርሱ ነበሩ። በመጨረሻ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ትንሽ ፎቶ ናት። እርሷን አስተልቀን አቆምናት። አርባ ዓመት ሙሉ ሲስቁ የማውቃቸው ሴት፣ የፎቶ ቤቱ ሰው «አይንቀሳቀሱ» እንዳላቸው ተኮሳትረው ተሸኙ።

ከለቅሶው መልስ ስልኬን ከፍቼ የራሴን እናት ፈለግሁ። የልጄ ፎቶግራፍ ከሺህ በላይ ነው። የእናቴ ግን አሥር አይሞላም፤ ከእነዚያም ውስጥ ፊታቸው በግልጽ የሚታይበት አንድም አልነበረም። እናቴ ሁልጊዜ ነጠላ የሚለብሱ ሴት ናቸው። በሥዕሉ ሁሉ ላይ ነጠላው ይታያል፤ ፊታቸው ግን ከነጠላው ውስጥ ጥላ ሆኖ ቀርቷል። ጥፋቱ የስልኩ ይመስለኝ ነበር። የእኔ አለማወቅ መሆኑን የተረዳሁት ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ከነጩ ወፍ ፊት ቆሜ ነው።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ከልጄና ከእናቴ ጋር ወደ ባቱ ከተማ ወረድን። እናቴ «እኔ ዕቃ እጠብቅላችኋለሁ» ብለው ነው የመጡት። እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥተን፣ ጎሕ ሲቀድ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ከሚያስጠጉበት ደረስን። አጥማጆቹ ያመጡትን ቆሮሶ እያራገፉ ሆድ ዕቃውን ሲያወጡ፣ በአንድ ወገን አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመዋል፤ በሌላው ወገን ፔሊካኖቹ በውሃው ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ልጄ ስልኬን፣ እኔ ደግሞ ከወንድሜ የተዋስኩትን አሮጌ ካሜራ ይዘን ማንሣት ጀመርን።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ100 በላይ አነሣሁ። ጥላ ፈልጌ ስመለከታቸው ልቤ ስንጥቅ አለ። ወፍ የሚባል ነገር የለም። በቡናማው ውሃ ላይ ኖራ የፈሰሰ ይመስላል እንጂ ላባ አይለይም፣ ዐይን አይታይም።

ልጄ ደግሞ ሲበሩ ማንሣት አምሯት ወደ ወፎቹ እየጮኸች ሮጠች። ወፎቹ ውሃውን እየረገጡ ተነሡና ርቀው ሄዱ። እርሷም ያገኘችው ጅራታቸውን ብቻ ነው። አንድ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እያጠፉ ቀና ብለው «ልጄ፣ እነርሱም እኮ ቁርሳቸው ላይ ናቸው» አሏት። ሳይቆጡ ነው ያሏት፤ እርሷ ግን አንገቷን ደፋች። እናቴ ከተቀመጡበት ሆነው «በይ ነይ፣ ከእኔ ጎን ቁጭ በይ። የሚመጣ ነገር በሩጫ አይመጣም» ብለው ነጠላቸውን ከፈል አድርገው አለበሷት።

በሐይቁ ዳር ጎብኚዎችን ፎቶ እያነሣ የሚተዳደር አንድ ወጣት ነበር። ሁኔታዬን አይቶ ቀረበና ካሜራዬን ተቀብሎ ተመለከተ። ከዚያም «እትዬ፣ ካሜራ ሞኝ ነው፤ የሚወዱትን አያውቅም። እርስዎ ይንገሩት» አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያስረዳኝን ነው ዛሬ ለእርስዎ የማካፍለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራም ሆነ ስልክ ፊቱ ያለውን ሁሉ ብርሃን አንድ ላይ ደምሮ ያካፍልና መካከለኛውን ይወስዳል። ትንሽ ነጭ ወፍ በሰፊና በጠቆረ ውሃ ላይ ሲሆን፣ ካሜራው የሚበዛውን ጨለማ አይቶ «ብርሃን አነሰ» ይልና ሥዕሉን ያደምቀዋል። በዚህ ጊዜ ውሃው ይፈካል፤ ወፉ ግን ተቃጥሎ ኖራ ይሆናል። በአንጻሩ ደግሞ ሰፊ ነጭ ነገር የሥዕሉን አብዛኛውን ክፍል ሲይዝ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። የእናቴ ነጠላ ያደረገው ይህንኑ ነው። ነጠላው ሰፊ ስለሆነ ካሜራው ነጠላውን ሊያስተካክል ሲል ፊታቸውን አጠቆረው። እንግዲህ በሁለቱም ላይ ካሜራው የሠራው ሥራውን ነው። የጎደለው ከመካከሉ የምንፈልገው የቱ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነበር።

ስለዚህም ጀማሪ የሆኑ እናቶች ወደ ሐይቅ ሲወርዱ ከዚህ የሚከተሉትን ቢያስታውሱ ይጠቀማሉ።

አንደኛ፣ ለካሜራው ወፉን ያሳዩት። በስልክ የሚያነሡ ከሆነ በመስተዋቱ ላይ ወፉን በጣትዎ ይንኩት። በብዙዎቹ ስልኮች ላይ የፀሐይ ምልክት ብቅ ይላል፤ ምልክቱን ወደ ታች ሲጎትቱት ሥዕሉ ይቀዘቅዛል። የወፉ ላባ መስመር እስኪለይ ድረስ ይጎትቱት። ውሃው ጠቆር ቢል አያስቡ። ካሜራ ከያዙም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልገው ወደ መቀነስ አንድ ደረጃ ያድርጉት። ጨለም ያለ ሥዕል በኋላ በመጠኑ ሊፈካ ይችላል፤ ተቃጥሎ የነጣ ላባ ግን ከቶ አይመለስም።

ሁለተኛ፣ በማለዳ ይገኙ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩልና ከመግባቷ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ብርሃኑ ዝቅ ብሎ በጎን ስለሚመጣ ላባውን አንድ በአንድ ይለየዋል። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ ከአናት ስለምትሆን ነጩ ሁሉ ይንቦገቦጋል፤ ዐይኑም በጥላ ይዋጣል። የቤት ሥራ ያለባት እናት ማለዳ መውጣት እንደሚከብዳት ይገባኛል። ሆኖም አንድ እሑድ ቁርሱን አባት ቢያሰናዳው ቤት አይፈርስም።

ሦስተኛ፣ ፀሐይንና ነፋስን ከኋላዎ ያድርጉ። ፀሐይ ከኋላዎ ስትሆን ወፉ ይበራል። ነፋሱስ ለምን? ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ የአዋቂው ወንድ ክብደትም 10 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ወፍ ለመነሣትም ሆነ ለማረፍ ነፋሱን ፊት ለፊት መቀበል ይኖርበታል። ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባዎ ከመጣ ወፉ ፊቱን ወደ እርስዎ አድርጎ ይነሣል፤ ሳይሮጡና ሳያባርሩ ልጄ ያጣችውን ሥዕል ያገኛሉ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ዝቅ ይበሉ። ቆመው ቁልቁል ሲያነሡ ወፉ በውሃ ላይ የተጣለ ዕቃ ይመስላል። በርከክ ብለው ወይም መሬት ላይ ተቀምጠው ካሜራውን ወደ ወፉ ዐይን ትይዩ ሲያወርዱት ግን ከወፉ ጋር ፊት ለፊት የተገናኙ ያህል ይሆናል። ክርንዎን ከጎንዎ ጋር ያጣብቁ፤ ትንፋሽዎን ለቀቅ አድርገው በእርጋታ ይጫኑ። የውሃው ዳር አግድም ቀጥ ማለቱንም ይመልከቱ፤ ካዘነበለ ሐይቁ የሚፈስ ይመስላል።

አምስተኛ፣ ዐይኑን ይፈልጉ። የወፉ ዐይን ጥርት ብሎ ከወጣ ሌላው ትንሽ ቢደበዝዝም ሥዕሉ ሕያው ነው። ዐይኑ ከደበዘዘ ግን ላባው ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። ወፉ ወደሚመለከትበት አቅጣጫም ትንሽ ባዶ ቦታ ይተዉለት፤ አለበለዚያ ከግድግዳ ጋር የተጋጨ ይመስላል።

ስድስተኛ፣ ጠባዩን ያጥኑ። ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ምክር ነው። ብዙዎቻችን የፔሊካን ከረጢት ዓሣ ማስቀመጫ ይመስለናል። እውነቱ ግን ከመንቁሩ ሥር የሚለጠጠው ያ ቢጫ ቆዳ ማጥመጃ መረቡ ነው። ውሃውንም ዓሣውንም አንድ ላይ ይጨልፍና መንቁሩን ወደ ደረቱ ደፋ አድርጎ ውሃውን ያፈሳል፤ ቀጥሎም መንቁሩን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ዓሣውን ይውጣል። ብዙ ሆነው ሲያጠምዱ ደግሞ እንደ ፈረስ ኮቴ ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ጥልቀት ወደሌለው ውሃ እየነዱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ይደፋሉ። ትንሽ ቆይተው ይደግሙታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ዝም ብለው ካዩ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን አስቀድመው ማወቅ ይችላሉ። እንጀራ ዐይን ሲያወጣ አይተው የአከምባሎውን ጊዜ የሚያውቁ እናት ይህን ለማወቅ አይቸገሩም።

ሰባተኛ፣ ቁጥር ያብጁ። ድሮ አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘው 36 ሥዕል ነበር፤ ስለዚህ ሰው አስቦ ነበር የሚጫነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሳሰን የተባለ መሐንዲስ በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንድ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ስልካችን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አሥርና ከዚያ በላይ ያነሣል፤ እኛም መመልከት ትተን መጫን ብቻ ይዘናል። ለመማሪያ ያህል በአንድ ጧት 36 ብቻ ለማንሣት ይወስኑ። ልጄ እንዲህ ካደረገች በኋላ ያገኘቻቸው ሥዕሎች ከመጀመሪያዎቹ መቶዎች እጅግ የተሻሉ ነበሩ።

ስምንተኛ፣ ስልኩን ለማቅረብ ብለው መስተዋቱን በሁለት ጣት አይለጥጡት። ሥዕሉ ይቀርባል እንጂ ይበላሻል። ወፉ ሩቅ ከሆነ ሩቅ መሆኑን ይቀበሉ፤ ጀልባውን፣ ቄጤማውን፣ የጧቱን ጉም ጨምረው ያንሡ። ወፉ በሐይቁ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ቢታይ ነውር የለውም። ሐይቁ ቤቱ ነው። ከመጀመርዎ በፊትም የስልኩን ዐይን ንጹሕ በሆነ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ከወጥ ቤት የመጣ ስልክ ቅባት አያጣውምና።

እዚህ ላይ በእናትነቴ ማስጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ። ልጆች ለመቅረብ ሲሉ ጫማቸውን አውልቀው ውሃ ውስጥ መግባት ይወዳሉ። ዝዋይን ጨምሮ በብዙ ሐይቆቻችን ዳር ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ አለ። የበሽታው ትል በውሃ ውስጥ ካሉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች እየወጣ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሕመሙ ወዲያው ላይታወቅ ይችላል፤ ሲቆይ ግን አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ስለዚህ ልጅዎ ከደረቅ መሬት ላይ ሆኖ ያንሣ። ልጁ ከዚህ በፊት ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ከነበረና ሆዱን የሚያመው፣ ዐይነ ምድሩም ላይ ደም የሚታይ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ፈዋሽ መድኃኒት አለ።

በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ጉማሬም ይኖራል። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ሲታይ የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ይገድላል። አጥማጆቹ «ወደዚያ አትሂዱ» ካሉ ክርክር አያስፈልግም። በጀልባ የሚሄዱ ከሆነም ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም ጭምር፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለ አይሳፈሩ። ለአንድ ሥዕል ሲባል ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ጀልባ ይገለበጣል።

ለወፎቹም እናስብላቸው። ድንጋይ ወርውሮ ማስነሣት፣ ጎጆ ያለበት ድረስ መግባት፣ ዳቦና ብስኩት መወርወር አይገባም። ከባድ ወፍ በተነሣ ቁጥር ብዙ ጉልበት ያወጣል፤ ያን ጉልበት የሚያገኘው ደግሞ ከዓሣ ነው። የውሃ ጠርሙስና ፌስታል ጥሎ መሄድማ ከሁሉ የከፋ ነው። ከዝዋይ በስተ ደቡብ ያለውን የአቢጃታን ሐይቅ ታሪክ እናስታውስ። በአንድ ወቅት ፔሊካኖች በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ እየፈለፈሉ፣ ለጫጩቶቻቸው ቀለብ ወደ አቢጃታ እየበሩ ያጠምዱ ነበር። ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ፣ ወደ ሐይቁ የሚገባውም ወንዝ ሲቀንስ፣ አቢጃታ እየሸሸ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም ጠፋ። ፔሊካን ዓሣ ከሌለበት ሐይቅ ምን ይሠራል? ለልጆቼ በኋላ አሳያቸዋለሁ የምንለው ነገር ሁሉ ቆሞ አይጠብቀንም።

ሌላው፣ ሰውን ሳያስፈቅዱ አያንሡ። አጥማጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ እንደ ወፎቹ የሐይቁ ጌጥ አይደሉም። «ጋሼ፣ ፎቶ ባነሣዎ ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጎዳም። «አይሆንም» ካሉም አመስግኖ ማለፍ ነው።

አሁን ወደ ጀመርኩት ነገር ልመለስ። ወደ 3 ሰዓት ገደማ መሬቱ ሲሞቅ፣ ፔሊካኖቹ አንድ በአንድ እየተነሡ በሞቀው አየር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ሳያርገበግቡ እየዞሩ ወደ ላይ ወጡ። በዚያን ጊዜ ነው ነጩ ወፍ ከክንፉ ሥር ጥቁር ላባ እንዳለው ያየነው። ልጄ ስልኩን አውርዳ በዐይኗ ብቻ ታያቸው ጀመር። እናቴም ከተቀመጡበት አንገታቸውን አቅንተው «እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር እንዴት እንዲህ ይቀለዋል?» ብለው ሳቁ።

ያን ጊዜ ካሜራው በእጄ ነበር። እናቴ የተቀመጡት በአንድ ዛፍ ጥላ ውስጥ ነው። ወጣቱ የነገረኝን አስታወስኩ። ለወፉ ወደ መቀነስ ያዞርኩትን ቁልፍ አሁን ወደ መደመር አዞርኩት። ነጠላው ትንሽ ቢነጣም ይንጣ ብዬ ዐይናቸውን ብቻ ፈለግሁ፤ በርከክ ብዬ ወደ ፊታቸው ትይዩ ወረድኩና አንድ ጊዜ ተጫንኩ። እናቴ ሰምተው «እኔን ደግሞ ምን ብለሽ ነው? ወፎቹን አንሺ እንጂ!» ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ግን አንዴ ተነሥተው ነበር።

ያ ሥዕል ዛሬ በሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ነጠላው በአንድ ወገን ተቃጥሎ ነጥቷል፤ ባለሙያ ቢያየው ብዙ እንከን ያወጣለታል። ነገር ግን እናቴ ወደ ላይ ቀና ብለው ይስቃሉ፤ በዐይናቸው ዳር ያለው መስመር እያንዳንዱ ይታያል፤ በግንባራቸው ያለው ንቅሳትም ተለይቶ ይነበባል። ልጄ ከሥሩ የፔሊካኗን ሥዕል ሰቅላለች። እናቴ መጀመሪያ «ሳልዘጋጅ አነሣሽኝ» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። አሁን ግን እንግዳ ሲመጣ በዚያ በኩል እንዲቀመጥ እንደሚያደርጉ አይቻለሁ።

ውድ አንባቢ፣ ዝዋይ ከሩቅዎ ከሆነ በአቅራቢያዎ ያለው ውሃ ይበቃል። የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ላይ ጣና፣ አርባ ምንጭ ላይ አባያና ጫሞ ሁሉም የውሃ ወፍ አላቸው። በተለይ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ብዙ ወፎች ስለሚጨመሩ ለጀማሪ የሚመች ጊዜ ነው። ውድ ካሜራ መግዛት አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልገው አንድ ጧትና የተቀመጠ ትዕግሥት ነው።

ሐይቅ መሄድ ባይቻልዎትስ? በዚህ ሳምንት ከቤትዎ በር ላይ ይጀምሩ። እናትዎን፣ አክስትዎን ወይም የጎረቤትዎን እማማ ከበረንዳው ጥላ ያስቀምጧቸው፤ ጠንካራ ፀሐይ ላይ አያውጧቸው። ከኋላቸው ደማቅ መስኮት ወይም ነጭ ግድግዳ አይሁን። ስልኩን ወደ ፊታቸው ትይዩ ያውርዱ፤ ነጠላውን ሳይሆን ፊታቸውን በጣትዎ ይንኩ፤ የፀሐይ ምልክቷን ትንሽ ወደ ላይ ይግፏት። «ይሳቁ» አይበሏቸው። እንደ ፔሊካኑ ጠባያቸውን ያውቃሉና የሚያስቃቸውን ነገር አንሥተው ያጫውቷቸው፤ ሲስቁም ይጫኑ።

ሥዕሉን በስልክ ውስጥ ብቻ አይተዉት። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ይጠፋል። ፎቶ ቤት ወስደው ያሳትሙት፤ ከኋላውም ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ሌላም አንድ ነገር አይርሱ። እርስዎም እናት ነዎት። በቤትዎ አልበም ውስጥ ሁልጊዜ አንሺ፣ ሁልጊዜ ጓዳ ያሉት እርስዎ ከሆኑ ስልኩን ለልጅዎ ይስጡና «እኔንም አንሺኝ» ይበሏት። ቢደበዝዝም ትማርበታለች።

መልካም ሰንበት።